ቆይ፣ በኋላ እነግርሃለሁ

ባሌ ሶፋ ሠሪ ነው። ጆሮው አይሰማም፤ ከተወለደ ጀምሮ ሰምቶ አያውቅም። እኔ ደግሞ የምሰማው አንሶኝ ያልተጠየቅኩትን ሁሉ የምመልስ ሴት ነኝ። ሰው ሲያየን «እንዴት ትግባባላችሁ?» ይላል። ኧረ መግባባቱስ ምን ገዶን! ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በእጃችን ስንነታረክ ኖረናል። ችግሩ፣ እሱ ንትርኩ ሲበቃው ዓይኑን ይጨፍናል። በቃ፣ ጨዋታ ፈረሰ። እኔ እጄን አየር ላይ ሳወናጭፍ እቀራለሁ። አንድ ቀን ደሜ ቢፈላ የዓይኑን ቆብ በጣቴ ገልጬ የጀመርኩትን ጨርሻለሁ። ይኼንን ለጓደኞቹ ሁሉ አውርቶብኛል።

የተዋወቅነውም በጠብ ነው። የአክስቴን ወንበር ለጥገና ሰጥተነው ቀኑ አልፎ፣ እኔ ተልኬ ሱቁ ሄድኩ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ይሠራል። ጮህኩ፣ ተሳደብኩ፣ «እንዲህ ያለ ባለጌ አይቼ አላውቅም» አልኩ፤ እሱ ጸጥ ብሎ ሥራውን ቀጠለ። ንቀቱ ይባስ አናደደኝ። ጥላዬን አይቶ ሲዞር አፌ ገና ክፍት ነበር። ጆሮውን በጣቱ አሳየኝና እጁን አወዛወዘ፤ አይሰማም ማለት ነው። ክው አልኩ። እሱ ግን ሳቀ፤ እንዲያ ያለ ሳቅ አይቼ አላውቅም። ይቅርታ ለመጠየቅ በማግስቱ ሄድኩ፣ በሳልስቱም ሄድኩ። ወንበሩ ካለቀ በኋላም መሄድ አልተውኩም።

ሱቁና ሳሎናችን አንድ ነው። እንግዳ ሲመጣ የሚቀመጠው ሰው ባዘዘው ሶፋ ላይ ነው፤ አንዱ ክንድ የለውም፣ አንዱ ገና ስፖንጁ ብቻ ነው። ባሌ ሲሠራ ትንንሾቹን ሚስማሮች አፉ ውስጥ ይጠቀጥቃቸዋል። አንድ በአንድ በምላሱ ገፍቶ ከንፈሩ ጋ ያደርሳቸዋል፣ መዶሻው ማግኔት ስላለው ላፍ አድርጎ ጨርቁ ላይ ይመታቸዋል። ሌላ ሰው አፉ ሚስማር ሲሞላ ዝም ይላል። የኔ ሰው አፉ ሞልቶም እጁ እስካረፈ ድረስ ያወራል። ዝም ማለት ሲፈልግ መዶሻ ያነሣል። መዶሻው ያለ ጊዜው ከተነሣ አኩርፏል ማለት ነው።

በዚህ ቤት ዜና ሰሚዋ እኔ ነኝ። ቴሌቪዥኑ ይናገራል፣ እኔ እሰማለሁ፣ ለሱ በእጄ እነግረዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ነጋሪ አይደለሁም። አንዱ ወጥቶ አሥር ደቂቃ ንግግር ያደርጋል፤ እኔ «እናሸንፋለን ይላል» ብዬ እገላገለዋለሁ። ባሌ ዓይኑን ያፈጣል።

«አሥር ደቂቃ ሙሉ አፉ ሲንቀሳቀስ የነበረው ይኼንን ለማለት ነው? የቀረውስ?»

«ምንም አይደለም።»

ምን ላድርግ! አንድ ጆሮዬ ቴሌቪዥኑ ላይ፣ አንዱ ድስቱ ላይ ነው። ዘመድ ተሰብስቦ ሲጫወት ደግሞ የባሰ ነው። ሁሉም ሆዱን ይዞ ይስቃል፤ እሱ ክንዴን ነካ ያደርግና «ምንድን ነው?» ይላል። እኔ ሳቁ መሃል ነኝ። «ቆይ፣ በኋላ እነግርሃለሁ» እለዋለሁ። በኋላ ስነግረው ቀልዱ ቀዝቅዞ ለራሴም አያስቅም።

ያለፈው ምርጫ ጊዜ የሆነውን ልንገራችሁ። የአካባቢያችን ውጤት በቴሌቪዥን ሲነገር እኔ ጎረቤት ነበርኩ። መንገዱ በጩኸት ተናጋ። ሰው ከየቤቱ እየሮጠ ወጣ፤ እኔም ጫማዬን ሳላደርግ ወጥቼ እጨፍራለሁ። ባሌ በመስኮት ሲያይ ሰው ይሮጣል፣ አፍ ይከፈታል፣ እጅ ይወራጫል። እሳት መስሎታል! ባልዲ ሙሉ ውኃ አንጠልጥሎ ብቅ አለ፤ ያገኘውን ሁሉ «የት ነው? የት ነው?» ይላል። ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። እሱም አብሮ ሳቀ። ቤት ከገባን በኋላ ግን ባልዲውን አስቀምጦ፣ «አንድ ጊዜ እንኳ ከሰው እኩል ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር» አለኝ። አንጀቴን በላው። ያንን ባልዲ ባየሁ ቁጥር እስከ ዛሬ ውስጤን ያመኛል።

አንድ ልጅ አለችን። ትሰማለች፤ ነገር ግን አፍ ከመፍታቷ በፊት እጅ ነው የፈታችው። አሁን መስማት የተሳናቸው ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ዘንድሮ ምርጫው ሊደርስ ሲል ቴሌቪዥን ጣቢያው ውጤቱን በምልክት ቋንቋ የሚያስተላልፍ ሰው ፈልጎ እሷን ጠራት። ለሙከራ ነው፤ ለአንድ ቀን፣ በስክሪኑ ጥግ፣ በትንሽ ሳጥን ውስጥ። ይኼንን የነገረችን ቀን አባቷ ሚስማሩን በሙሉ መዳፉ ላይ ተፍቶ ግንባሯን ሳማት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ትምህርት ቤት ሆነ። ከሥራ ስትመለስ ክንድ የሌለው ሶፋ ላይ ያስቀምጣትና ያለማምዳታል። የሚጨቀጭቃት አንድ ነገር ነው።

«እጅሽን ዝቅ! እንደ እናትሽ ፊትሽ ላይ አታወናጭፊው። የተከበረ ሰው ደረቱ ሥር፣ ረጋ ብሎ ነው የሚናገረው። እናትሽ ስትናገር እኮ ንብ የምታባርር ነው የምትመስለው!»

እኔ እዚያው ቆሜ! «እያየሁህ ነው» አልኩት በእጄ።

«ይኸው፣ ንቦቹ መጡ» አላት። ሁለቱ ተሳሳቁብኝ።

ልጄ የአባቷን ቃል አታስቀርም። እጇን ዝቅ አድርጋ መናገር ለመደች። ለነገሩ ያምርባታል።

ውጤቱ የሚነገረው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ባሌ ጓደኞቹን ጠራ፤ ሰባት ሆነው መጡ፣ አንዳቸውም አይሰሙም። ሻይ ቀዳሁ፣ ዳቦ ቆረስኩ። የሁሉም ጣት ላይ የመረጡበት ቀለም ገና አልለቀቀም፤ ሲያወሩ ክፍሉ ውስጥ የሚታየው ሐምራዊ ጣት ብቻ ነው። ከመሃላቸው ሰዓት ሠሪው የባሌ የልጅነት ጓደኛ ነው፤ ነገር ቶሎ አያምንም። «ቴሌቪዥን ለኛ? ሳይ ነው የማምነው» አለ። ባሌ ደረቱን ነፋ። «ዛሬ ማንንም አትለምኑም፤ ልጄ ራሷ ትነግራችኋለች» አላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና፣ «አንቺም ዛሬ ዕረፍት ነሽ፣ ሻይሽን ጠጪ» አለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።

ለአካባቢያችን የምክር ቤት ወንበር የሚፎካከሩት ሁለት ሰዎች ነበሩ። በምልክት ቋንቋ ሰው ከመልኩ ወይም ከአመሉ የወጣ ምልክት ይሰጠዋል፣ ስሙ ያው ነው። የድሮው ተመራጭ በንግግሩ መሃል ከረባቱን ሳያስተካክል አያልፍምና «ከረባት» ይሉታል። እሱን የምትፎካከረው ሐኪም ስትስቅ ጉንጯ ይሰረጉዳል፣ እሷ «ስርጉድ» ናት። ባሌ የከረባት ሰው ነው፣ ሰዓት ሠሪው የስርጉድ። በዚህ ሰበብ ሁለት ወር ሙሉ ተናክሰዋል።

ልክ ስምንት ሰዓት ላይ ዜና አንባቢው ብቅ አለ፤ በስተቀኝ ታች ጥግ ላይ ደግሞ ልጄ! ሸሚዟን ተኩሳ፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስራ። በደስታ ጮህኩ። ማንም አልደነገጠም፣ የዚህ ቤት ጥቅሙ ይኼ ነው። «እንደምን ዋላችሁ» አለች በእጇ፤ ሰባቱም እንግዶች መለሱላት። ባሌም መለሰላት። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ደስታችን ሁለት ደቂቃ አልቆየም። ውጤት መምጣት ሲጀምር ከስክሪኑ ሥር ስምና ቁጥር የሚፈስበት ሰፊ ሰማያዊ ሰሌዳ ተነሣ። ተነሥቶ ተነሥቶ ልጄን እስከ ትከሻዋ ዋጣት። ጭንቅላቷ ብቻ ቀረ። ጭንቅላቷ ዘንበል ይላል፣ ቅንድቧ ብድግ ይላል፣ እጇ የለም። ሰዓት ሠሪው «ምን አለች?» ብሎ ባሌን ጠየቀው።

ባሌ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። «ቅንድቧ ጥያቄ ነው ይላል። ጥያቄው ግን ከሰሌዳው ሥር ነው።»

እንግዶቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ሰሌዳውን እንዳያነቡት ደግሞ ይሮጣል፤ የአንዱን አካባቢ ስም ሳይጨርሱ ሦስቱ አልፈዋል። በሰሌዳው ጫፍ ላይ ግን አንድ ስልክ ቁጥር ቆሞ አየሁ፣ «አስተያየት ካለዎት ይደውሉ» ይላል። አስተያየትማ ነበረኝ! የስልክ መስመር ጥርት ብሎ የሚሰማው ጓሯችን ውስጥ ስለሆነ ስልኬን ይዤ ወጣሁ።

«አቤት፣ እንደምን ዋሉ?» አለች አንዲት ልጅ።

«ልጄን ሸፈናችኋት!»

«ማንን ነው እናቴ?»

«ጥግ ላይ ያለችውን! በእጇ እኮ ነው የምትናገረው፤ እናንተ እጇን ቀበራችሁት! የዜና አንባቢው አፍ ውስጥ ጨርቅ ትጠቀጥቃላችሁ? ሰሌዳውን አንሡት!»

ልጅቷ ጨዋ ናት። ጠይቃ ተመለሰችና፣ «እናቴ፣ ሰሌዳው በቀጥታ ስርጭት መሃል አይነሣም አሉኝ። ለሚቀጥለው ምርጫ እናሳስባለን» አለችኝ። የሚቀጥለው ምርጫ እኮ ስንት ዓመት ነው! ዘጋሁባት። ኋላ ቆጨኝ፣ እሷ ምን አደረገች።

ስመለስ ስምንት ጥንድ ዓይን እኔ ላይ ነው። ዕረፍቴ አበቃ። እንደ ወትሮዬ ቴሌቪዥኑ ጎን ቆሜ መናገር ጀመርኩ፤ በዚህ አካባቢ እገሌ፣ በዚያ አካባቢ እገሊት። አንባቢው እየፈጠነ፣ እኔ እያሳጠርኩ። ስቱዲዮ ውስጥ ከተጋበዙት አንዱ ቀልድ ጣል አደረገና ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቄ አመለጠኝ። ባሌ እጁን አነሣ። «ምን ብሎ ነው?»

«ቆይ፣ በኋላ እነግርሃለሁ» አልኩት።

እጄ ይኼንን ከማለቱ ልቤ ስንጥቅ አለ። ዛሬ እንኳ! በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ልጁ ቀን! ባሌ ተነሥቶ ያላለቀው ሶፋ ሥር ተንበረከከ፣ እፍኝ ሚስማር ጎረሰ፣ መዶሻውን አነሣ። እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሰዓት ሠሪው ኮቱን መፈለግ ጀመረ።

ሄጄ ፊት ለፊቱ ተንበረከክኩና መዶሻውን ያዝኩበት። ዓይኑን ሊጨፍን ሲል «ትጨፍንና ወዮልህ!» አልኩት። መዶሻውን ለቀቀልኝ። ቀስ ብሎ፣ ደረቱ ሥር፣ «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «እጅሽን ዝቅ አድርጊ ያልኳት እኔ ነኝ። እንዳንቺ ብትናገር ኖሮ ይኼኔ ከሰሌዳው በላይ ነበረች።»

እንዳንቺ ብትናገር! ዞሬ ስክሪኑን አየሁ። ሰሌዳው ትከሻዋ ላይ ነው የሚቆመው። ከዚያ በላይ ፊቷ ነው፣ በፊቷ ግራና ቀኝ ደግሞ ሰፊ ባዶ ቦታ አለ። ንብ የሚባረርበት ቦታ ሁሉ ክፍት ነው! ስልኬን አንሥቼ ተመልሼ ወደ ጓሮ ሮጥኩ።

ያችው ልጅ አነሣችው። ድምፄን ስትለየው በረጅሙ ተነፈሰች። «እናቴ፣ ሰሌዳው...»

«ሰሌዳውን ተይው! ሰሌዳችሁ ይባረክ! ለልጄ አንዲት መልእክት ብቻ አድርሱልኝ። አንባቢውን የምትሰማበት ነገር ጆሮዋ ላይ አለ አይደል? በሱ ንገሯት።»

«ምን ብለን?»

«እንደ እናትሽ ተናገሪ በሏት።»

ስትጽፍ ይሰማኛል። «እንደ... እናትሽ... ተናገሪ። ይኼው ነው? ይገባታል?»

«አሳምሮ ይገባታል።»

«ይጠብቁኝ እሺ» አለችና ሙዚቃ ለቀቀችብኝ። ከተሰጣው ልብስ መሃል ቆሜ አንዱን ዘፈን ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ሐሳብ አናወዘኝ። ባይነግሯትስ? ነግረዋት ብትደነግጥና ቃሉ ቢጠፋባትስ? የሙከራ ቀኗ ነው፣ የልጄን እንጀራ በገዛ አፌ ልዘጋባት ነው? አራተኛው ሲጀምር ከቤት ውስጥ ድብ ድብ የሚል ድምፅ ተሰማኝ። የባሌ ጓደኞች ሲጠራሩም ሲደሰቱም ወለሉን በእግራቸው ይደበድባሉ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ሳቅ መጣ፤ ልጓም የሌለው፣ የስምንት ሰው ሳቅ። ስልኩን ሳልዘጋ ዘልዬ ገባሁ።

ልጄ ስክሪኑ ላይ እኔን ሆናለች! እጇ አገጯ ጋ ነው፣ ጆሮዋ ጋ ነው፣ ግንባሯ ላይ ነው። የአገሩን ንብ በሙሉ ታባርራለች። ከሰሌዳው በላይ እያንዳንዱ ጣቷ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እንግዶቹ እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው ጣቶቻቸውን ያርገበግባሉ፤ ጭብጨባቸው ነው። ሰዓት ሠሪው ዓይኑ ፈጦ ቆሟል። ባሌ ሶፋው ጫፍ ላይ ሆኖ እንባው እስኪወርድ ይስቃል። ከረባት ማይክሮፎን ፊት ቆሞ እየተናገረ ነው፤ በወለሉ ድብደባና በሳቁ መሃል ግን ቃሉ አይሰማኝም፤ የኛ አካባቢ ውጤት ተነግሮ አልፏል። አመለጠኝ!

የባሌን ክንድ ነካ አደረግኩ። «ምንድን ነው? ማን አሸነፈ? ምንድን ነው የሚያስቃችሁ?»

ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል፣ በአንድ እጁ፣ «ቆይ፣ በኋላ እነግርሻለሁ» አለኝ።

ቱግ አልኩ! በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ልጄ! እጄን አንሥቼ ልሞልጨው ስል ቃሉ ገባኝ። ይኼ ነው ማለት ነው ስሰጠው የኖርኩት። ሰው ሁሉ ሲስቅ የአንዱን ፊት፣ የሌላውን ፊት እያዩ መቆም ይኼ ነው። አፈርኩ። ደግሞ እሱን እንዲያ ሲስቅ ሳየው ደስ አለኝ፤ ሁለቱም አንድ ላይ መጡብኝ። እጄን መልሼ ስፖንጁ ላይ ጭጭ ብዬ ተቀመጥኩ። ጠበቅኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስርጭቱ አልቆ እንግዶቹ ሲወጡ ልጄ ደወለች። «እማዬ፣ እንደ እናትሽ ተናገሪ ያልሽው አንቺ ነሽ አይደል? ክንዴ ዝሎ የመኪና መሪ መያዝ አልቻልኩም!» አለችኝ እየሳቀች። «ነገም ነይ ብለውኛል። ለአባዬ ንገሪው።» ነገርኩት። እሱ ሻይ ቀድቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ስርጉድ አሸነፈች» አለኝ።

የመረጠው ሰው ተሸንፎበት እንዲያ የሚስቅ ሰው አይቼ አላውቅም። «የቀረውስ? ያ ሁሉ ሳቅ ምን ነበር?»

ትከሻውን ሰበቀ፣ ልክ እኔ እንደማደርገው። «ምንም አይደለም።»

ቀና ብዬ አየሁት። ፊቴ ላይ ምን እንዳየ እንጃ፣ ፈገግታው ቀስ ብሎ ጠፋ። ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ፣ መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ ሙሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞሮ ተመቻቸ።

«እሺ» አለ። «አንቺ ስልክሽን ይዘሽ ስትወጪ...»

ከዚያ ጀምሮ ነገረኝ። ልጃችን መልእክቱን ስትሰማ ለአንድ አፍታ እጇ ቆሞ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ስትውጥ። እጇ ከሰሌዳው ሥር ቀስ ብሎ ብቅ ሲል። ሰዓት ሠሪው አንድ እጅጌ አጥልቆ፣ ሌላውን ረስቶት ሲቀር። የስርጉድ ቁጥር፣ የከረባት ቁጥር፣ በመሃላቸው ያለው ልዩነት። ከዚያ ከረባት ሽንፈቱን ሊቀበል ሲወጣ ልጃችን «ከረባት» የሚለውን ምልክት አንገቷ ላይ ስታሳይ፣ እሱም በዚያችው ቅጽበት እጁን አንሥቶ ከረባቱን ሲያስተካክል፣ ሁለቱ በአንድ ስክሪን ላይ እኩል! እኔም ሳቅኩ፤ በሰዓቱ የሳቅኩ ያህል ሳቅኩ። የከረባትን ንግግር ደግሞ ከሰላምታው እስከ ስንብቱ ነገረኝ። ሰውየው አሥር ደቂቃ የተናገረውን እሱ አሥር ደቂቃ ነገረኝ፣ የት ላይ እንዳሳለ ሳይቀር። ሻዩ ቀዘቀዘ። አንዲት ነገር አላስቀረብኝም።